የ5 ፓውንዱ መሐላ

በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ዘመን፣ በኦክስፎርድ ለተቋቋመ አንድ ኮሌጅ መሥራቾቹ ደንብ ጻፉለት። ከደንቦቹ አንዱ፣ በዓመት 5 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት ያገኘ አባል ቦታውን ይልቀቅ የሚል ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ራሱን የቻለ ሰው ለሌለው ቦታ ይስጥ። ወደ ኮሌጁ የሚገባ ሁሉ ይህን ሊጠብቅ ምሎ ይገባ ነበር።

260 ዓመት ገደማ አለፈ። ከደንቡ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ አዳዲስ አባላትም እንደ ቀደሙት እየማሉ ገቡ። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ተማሪ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ከደንቡ ወሰን ትንሽ ከፍ የሚል ዓመታዊ ገቢ አለው። በዚያ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ መኖር ቀርቶ ግማሹን እንኳ መዝለቅ አይችልም። ቦታውን ቢለቅ ትምህርቱ ይቋረጣል። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም የማለውን አፈረሰ ማለት ነው። ታዲያ ምን ያድርግ?

ጥያቄው የደረሰው ሰው ዊልያም ፍሊትዉድ ይባላል። ነጋዴም የባንክ ሰውም አልነበረም። በስብከቱ የታወቀ ቄስ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ጳጳስ ይሆናል። መልሱን በ1707 (እ.ኤ.አ.) ስሙን ሳይጠቅስ በመጽሐፍ አሳተመ፤ የመጽሐፉ ስም «ክሮኒኮን ፕሬሲዮሰም» ነው። ኮሌጁንም በስሙ አይጠራውም፤ ኦል ሶልስ መሆኑን የኋላ ሰዎች ለይተውታል። ዛሬ ስለ ዋጋ ንረት በዜና የምንሰማት የመቶኛ ቁጥር የምትሰላበት መንገድ ከዚህ መጽሐፍ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወይም ከገበያ ሳይሆን ከአንድ ተማሪ የኅሊና ጭንቀት መፍለቁ ደግሞ ይገርመኛል፤ ልቤንም ይነካል።

ፍሊትዉድ መጀመሪያ ያየው ሳንቲሙን ነው። በሄንሪ 6ኛ ዘመን ከአንድ ፓውንድ ክብደት ብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው) 30 ሺሊንግ ይመታ ነበር። በእርሱ ዘመን ከአንድ ፓውንድ ብር 62 ሺሊንግ ይወጣል። የቀደሙት ነገሥታት፣ ጦርነት ሲበረታና ዕዳ ሲቆለል፣ የሳንቲሙን ስም እንዳለ ትተው ማዕድኑን እየቀነሱ ኖረዋል። የከፋው ሄንሪ 8ኛ ነበር፤ ከ1544 ጀምሮ በብሩ ላይ መዳብ አብዝቶ ስለቀላቀለ፣ በሳንቲሙ ላይ ያለው የንጉሡ አፍንጫ ሲፋቅ መዳቡ ብቅ ይል ነበር፤ ሕዝቡም «መዳብ አፍንጫው» ብሎ ስም አወጣለት። በክብደት ሲታይ እንግዲህ የጥንቱ 5 ፓውንድ ከአዲሱ 10 ፓውንድ ጋር ይቀራረባል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ባቆመ ነበር። ፍሊትዉድ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ። 10 ፓውንዱ ራሱ የጥንቱን ኑሮ ይገዛል ወይ? ገንዘብ አይበላም፣ አይለበስም። መሥራቾቹ 5 ፓውንድ ብለው ሲጽፉ በዐይነ ኅሊናቸው ያዩት አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚለብሰውን ነው። ስለዚህ የተማሪውን አስቤዛ ቈጠረ፦ እህል፣ ሥጋ፣ መጠጥ፣ ልብስ። ለመኳንንት የሚሆነውን ሁሉ ተወው፤ ጠያቂው ተማሪ ነውና።

ከዚያ ወደ መዛግብት ገባ። የገዳማት የወጪ መዝገቦችን፣ የቤተሰብ ሒሳቦችን፣ የታሪክ ጸሐፊዎች በረኀብ ዓመት የመዘገቡትን የስንዴ ዋጋ እየለቀመ 600 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። እዚህ ላይ ያሳየው ጥንቃቄ ነው ሥራውን ከተራ ትዝታ የለየው። ታሪክ ጸሐፊ የሚጽፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የረኀብ ወይ የጥጋብ ዓመት ዋጋ ነው፤ መካከለኛው ዓመት ዜና ስለማይሆን አይጻፍም። ስለዚህ አንድ ዓመትን ከአንድ ዓመት ጋር ማነጻጸር እንደሚያሳስት፣ የብዙ ዓመታት አማካይ ዋጋ መያዝ እንዳለበት አስጠነቀቀ። ዛሬም የአንድ ገበያ ቀን ዋጋ ይዞ ስለ ኑሮ ውድነት የሚከራከር ሰው ይህን ቢያነብ መልካም ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በመሥራቾቹ ዘመን 5 ፓውንድ 5 ኳርተር ስንዴ፣ 4 ትልልቅ በርሜል ቢራና 6 ያርድ ጨርቅ ይገዛ ነበር። ያንኑ አስቤዛ በ1707 ለመግዛት 28 ወይም 30 ፓውንድ ያስፈልጋል። ተማሪው ከመሥራቾቹ ወሰን እጅግ በታች ነበር ማለት ነው። ፍሊትዉድ በንጹሕ ኅሊና ቦታህን ያዝ አለው።

በማዕድኑ ክብደት 10 የደረሰው በአስቤዛ ሲለካ ወደ 30 ተጠጋ። የቀረው ልዩነት ከየት መጣ? ብሩ ራሱ ረክሶ ነው። ይህን ስፔናዊው የሳላማንካ የሃይማኖት ሊቅ ማርቲን ደ አስፒልኩዌታ በ1556፣ ፈረንሳዊው ዣን ቦዳን ደግሞ በ1568 ጽፈውት ነበር። በ1545 ዛሬ ቦሊቪያ በሆነችው አገር የፖቶሲ ተራራ የብር ማዕድን ተገኘ፤ መርከቦች ብሩን ወደ ስፔን አጋዙ፤ ከስፔን በመላው አውሮፓ ተሰራጨ። እህሉና ጨርቁ በዚያው ልክ ሳይጨምር ብሩ ብቻ ሲበዛ፣ አንዱ ሳንቲም የሚያመጣው እያነሰ ሄደ። እነርሱ ምክንያቱን አውቀውት ነበር፤ ልኩን በአንድ ሰው አስቤዛ ሰፍሮ ያወጣው ግን ፍሊትዉድ ነው።

በዚያው በሄንሪ 6ኛ ዘመን የወጣ ሌላ ሕግ አለ። በ1430 በእንግሊዝ የገጠር አውራጃዎች የፓርላማ አባል የመምረጥ መብት በዓመት 40 ሺሊንግ የሚያስገባ ርስት ላለው ብቻ ተሰጠ። ሲጻፍ ድኻውን ከምርጫ ለማራቅ ነበር። ቁጥሩ ለመቶዎች ዓመታት ሳይለወጥ ቆየና 40 ሺሊንግ እየረከሰ ሲሄድ፣ ሕጉ ሊያስቀራቸው የፈለጋቸውን ትንንሽ ባለርስቶች ሳይቀር አስገባ። የኮሌጁ ቁጥር በተማሪው ላይ ጠበበ፤ የምርጫው ቁጥር ሰፋ። ሁለቱንም ለውጦች ማንም አልወሰነም፤ ምክር ቤት ተሰብስቦ አልመከረበትም።

የፍሊትዉድ ስሌት ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ባሕር ማዶ በወታደሮች ደመወዝ ላይ ብቅ አለ። አሜሪካ ከእንግሊዝ ለመላቀቅ ስትዋጋ የጦርነቱ ወጪ በወረቀት ገንዘብ ይሸፈን ነበር፤ ወረቀቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋጋ አጣ። ወታደሩ በግንባር ሲቆስል ሚስቱ ቤት ውስጥ በደመወዙ ዱቄት መግዛት አቃታት። በ1780 የማሳቹሴትስ መንግሥት ለወታደሮቹ የዕዳ ሰነድ ሰጠ። የሚከፈለው ገንዘብ በክፍያው ቀን 5 ቡሼል በቆሎ፣ በክብደት 68 ፓውንድ ከ4/7 የበሬ ሥጋ፣ 10 ፓውንድ የበግ ሱፍና 16 ፓውንድ የጫማ ሶል ቆዳ በሚያወጡት ዋጋ ይሰላል ተብሎ ተጻፈበት። አስቤዛው ከተወደደ ክፍያው ይጨምራል፤ ከረከሰ ይቀንሳል። ፍሊትዉድ ያለፈውን ለመመርመር የተጠቀመበት መለኪያ እዚህ ለሚመጣው ቀን ዋስትና ሆነ። ለእኔ ከግኝቱ ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ ለወታደር ቃል የገባ መንግሥት ቁጥሩን ሳይሆን ኑሮውን ቃል ገባ።

ወርቅስ? ወርቅ አይረክስም የሚለው እምነት እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ጸንቶ ነበር። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ በወጣትነቱ ከ1854 እስከ 1859 በሲድኒ የሳንቲም ማምረቻ ወርቅ እየፈተነ ንጽሕናውን ሲለካ ኖረ። በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ የተገኘው ወርቅ ዓለምን ያጥለቀለቀበት ጊዜ ነበር። ወደ እንግሊዝ ተመልሶ የ39 ዋና ዋና ሸቀጦችን ዋጋ አጠናቀረና በ1863 ውጤቱን አወጣ፤ በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ወርቅ ቢያንስ 9 በመቶ ዋጋ አጥቷል። ንጽሕናው እንዳለ ነው፤ የሚገዛው ግን ቀንሷል።

በኢትዮጵያም አዋጆች ላይ እንደ ኦክስፎርዱ 5 ፓውንድ ያለ ቁጥር አለ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከገቢ ግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ 150 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ 600 ብር ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጤፍ፣ የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ እጥፍ ድርብ ሲሆን 600 ብሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ደመወዟ ለኑሮ ውድነቱ ማካካሻ ያህል ብቻ ከፍ ያለላት ሠራተኛ፣ የምትገዛው ሳይጨምር የምትከፍለው የግብር ድርሻ ጨመረ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ወሰኑን ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል፤ ተገቢም ነበር። የተጻፈው ግን አሁንም በብር ቁጥር ነው፤ የማሳቹሴትስ ወታደሮች ሰነድ እንዳደረገው በአስቤዛ ቢታሰር፣ ሠራተኛዋ ወሰኑ እንዲስተካከልላት ሌላ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርባትም ነበር።