ማንኪያችሁ ምን ምን ይላል?

እስቲ አንድ ማንኪያ አምጡና ባዶውን አፋችሁ ውስጥ አቆዩት። ምን ምን አለ? ከማይዝግ ብረት የተሠራ ከሆነ ምን ምን አይልም። የለንደን ተመራማሪዎች ሰባት ማንኪያ አዘጋጅተው ሰዎችን እንዳቀመሱ ካነበብኩ ወዲህ፣ ይህ ጣዕም አልባነት ማንኪያ ባነሣሁ ቁጥር ያስገርመኛል።

ጥናቱን የሠሩት ዞዊ ላውሊን፣ ማርክ ሚዮዶውኒክና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የማንኪያዎቹ ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያዩት በገጻቸው ብቻ ነው፦ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ቆርቆሮ፣ ክሮምና የማይዝግ ብረት። መዳብና ዚንክ መረር ያሉ፣ ብረት ብረት የሚሉ ሆነው ተገኙ። ወርቅና ክሮም ዝም አሉ።

ነገሩ ያለው ምራቃችን ላይ ነው። ምራቅ ብረቱን በጥቂቱ ያሟሟዋል፤ ምላስም የሚቀምሰው ከማንኪያው ተላቀው የወጡትን እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቅ ብረት ጣዕሙ ይበረታል፤ ወርቅ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ኬሚስቶች ለባትሪ የሚጠቀሙበት የብረቶች ሰንጠረዥ የማንኪያን ጣዕም ይተነብያል ማለት ነው! የማይዝግ ብረትን ያዳነው ክሮሚየም ነው። ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ዐይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ወዲያው ራሱን ይጠግናል።

እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ውስጥ ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜኪንግ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። አንዱ ክፍል ወርክሾፕ ነው፤ ሌላው የቁሶች ላይብረሪ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ በመጽሐፍ ፈንታ ቁስ ተደርድሯል። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማንም ገብቶ ይነካል፣ ያነሣል፣ ያንኳኳል። አብዛኛው አየር የሆነውና የረጋ ጭስ የሚመስለው ኤሮጄል እዚያ አለ። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1999 ባመጠቀችው ስታርደስት መንኮራኩር ላይ የጅራታም ኮከብ አቧራ ያጠመደው በዚሁ ቁስ ነበር።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን አሉሚኒየም ናይትራይድ የተባለ ስስ ሸክላ መሳይ ገበታ ነው። ጫፉን በጣታችሁ ይዛችሁ በረዶ ላይ ስታሳርፉት በረዶው እየቀለጠ መንገድ ይለቅለታል። ቢላ ስለሆነ አይደለም፤ የእጃችሁን ሙቀት ሳያባክን ወደ በረዶው ስለሚያደርስ ነው። ጣታችሁም በቅጽበት ይቀዘቅዛል። ሙቀትን ስለማስተላለፍ ተማሪ ቤት ብዙ ቁጥር ሸምድደናል፤ እዚህ ትምህርቱ በጣት ይገባል።

እስካሁን ያወራሁላችሁን ሰምታችሁ «ደስ የሚል ኤግዚቢሽን ነው» ብላችሁ እንዳታልፉ። ሚዮዶውኒክና በዚያው ዩኒቨርሲቲ የፕላስቲክ ቆሻሻን የሚያጠኑ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ ሕዝቡ ወጡ፦ «በቤት ኮምፖስት ውስጥ ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጠው ፕላስቲክ እውነት ይበሰብሳል? ይህን ላቦራቶሪ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። የእያንዳንዱ ሰው ጓሮ ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ትሉና ሻጋታው ይለያያል። ስለዚህ ሰዎቹን ራሳቸውን ተመራማሪ አደረጓቸው። 9,701 የብሪታንያ ነዋሪዎች የጥናቱን መጠይቅ ሞሉ፤ 902ቱ ደግሞ ፕላስቲኩን ኮምፖስታቸው ውስጥ ቀብረው፣ ከወራት በኋላ ቆፍረው ቁርጥራጩን ፈለጉ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ለቤት ኮምፖስት ተፈትኖ ማረጋገጫ ከተሰጠው ፕላስቲክ ውስጥ 60 በመቶው ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም ነበር። አስቡት፤ ይህ ማረጋገጫ ያለው ነው!

ለምን እንዲህ ሆነ? ፈተናው የሚካሄደው ሙቀቱ በማይዋዥቅበት ላቦራቶሪ ነው፤ የእንግሊዝ ጓሮ ደግሞ ብርዳም ነው። ከበቆሎ የሚሠራውን ፒ.ኤል.ኤ. የተባለ ፕላስቲክ ውሰዱ። ሞለኪውሎቹ የረዘሙ ሰንሰለቶች ናቸው፤ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ግትር ስለሆኑ ውኃ በመካከላቸው ገብቶ ለመበጣጠስ ይቸገራል። ትልልቅ የኮምፖስት ማምረቻዎች ወደዚህ መጠን ስለሚሞቁ እዚያ ይፈርሳል። ጓሮ ውስጥ ግን አፈር ለብሶ ይቀመጣል። ተመራማሪዎቹም የቤት ኮምፖስት ለእንዲህ ያለው ማሸጊያ መፍትሔ እንዳልሆነ ደመደሙ።

ዩኒቨርሲቲዎች ጥናታቸውን ጨርሰው ለሕዝብ «ማስተዋወቅ» የሚሉት ሥራ አላቸው። እዚህ ግን ፕላስቲኩን ጓሯቸው ከቀበሩት ነዋሪዎች ውጪ ጥናቱ ራሱ አይኖርም ነበር። እኔ የማቴሪያል ምህንድስናን የምወደው ለዚህ ነው፤ መልሱ አንዳንዴ ከማይክሮስኮፕ ሥር፣ አንዳንዴም ከሰው ጓሮ ይገኛል።

እናንተም «ይበሰብሳል» የሚል ፌስታል ወይም ኩባያ እጃችሁ ሲገባ ሻጩን ጠይቁት፦ የት? በስንት ዲግሪ? በስንት ወር? መልስ ካጣ ቁራሹን የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቅበሩና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ።