የአየር ፖስታዎች የታሪክ ሰነድነትና የካታሎጎች አመራረጥ

በቀደሙት ዘመናት በአውሮፕላን ተጭነው የተጓጓዙ የደብዳቤ ፖስታዎች ቴምብራቸው ተቆርጦ ከተወሰደ በኋላ እንደ ተራ ወረቀት ሲጣሉ መቆየታቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ የሚገኙ ሰብሳቢዎችና የታሪክ ተመራማሪዎች ተቆርጦ ከወጣው ቴምብር ይልቅ ከፍተኛ ግምት የሚሰጡት ለሙሉው ፖስታ ነው። ቴምብሩ ብቻውን የሚናገረው ስለ ህትመቱና ስለ ዋጋው ሲሆን፣ ፖስታው ግን ደብዳቤው ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንዳለፈ፣ መቼ እንደደረሰና ምን ያህል እንደተከፈለበት በአንድነት የሚመሰክር ሰነድ በመሆኑ ነው።

የአየር መልዕክት አጀማመር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ) ከ1870 እስከ 1871 የፓሪስ ከተማ በጠላት ጦር በተከበበችበት ወቅት ደብዳቤዎች በአየር ፊኛ እየተጫኑ ከከተማዋ እንዲወጡ ተደርጓል። በአውሮፕላን የተካሄደው የመጀመሪያው ይፋዊ የመልዕክት በረራ ግን የተከናወነው የካቲት 18 ቀን 1911 እ.ኤ.አ በህንድ ነው። ሄንሪ ፔኬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ ከአላሃባድ ተነስቶ የያሙና ወንዝን በመሻገር ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ደብዳቤዎችን ወደ ናይኒ አድርሷል። ደብዳቤዎቹ ለበረራው ተብሎ በተዘጋጀ ልዩ ማህተም የተመቱ በመሆናቸው ዛሬም በቀላሉ ይለያሉ። ከ6 ዓመት በኋላ በ1917 እ.ኤ.አ የኢጣሊያ መንግሥት ከቱሪን ወደ ሮም ለተደረገ በረራ በነባር ቴምብር ላይ ጽሑፍ በማተም የመጀመሪያውን የአየር ቴምብር አውጥቷል።

የኢትዮጵያ የአየር ፖስታ

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም ነው። ፖቴዝ 25 የተሰኘውን ይህን አውሮፕላን ከጅቡቲ እያበረረ ያመጣው ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። ለዚሁ መታሰቢያ በነባር 10 ዓይነት ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ሥዕልና የአማርኛ ጽሑፍ ታትሞባቸው ወጥተዋል። በ1931 እ.ኤ.አ ደግሞ የአገሪቱን ካርታና አውሮፕላን የሚያሳዩ 7 የአየር ቴምብሮች ታትመዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አድርጓል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የተላኩ ፖስታዎች አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር በራሷ አውሮፕላኖች እንዴት እንደተገናኘች በቅደም ተከተል ያሳያሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። የአየር ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ሁሉ በአውሮፕላን ተጉዟል ማለት አይደለም። አንድ ደብዳቤ ጉዞውን በባቡርና በመርከብ ብቻ ሊፈጽም፣ ወይም ከፊሉን መንገድ በየብስና በባሕር፣ ከፊሉን ደግሞ በአየር ሊጓዝ ይችላል። እውነታው የሚታወቀው በመነሻው ማህተም፣ በፖስታው ጀርባ በተመቱ የመተላለፊያና የመድረሻ ማህተሞች እንዲሁም በተከፈለው ሂሳብ ነው። ቴምብሩ ተቆርጦ ሲወጣ ይህ ሁሉ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

የካታሎግ ዓይነቶችና አመራረጣቸው

አንድን ፖስታ በትክክል ለመረዳት የማመሳከሪያ ካታሎግ ያስፈልጋል። ካታሎግ ከመግዛት ወይም ከመዋስ በፊት ግን መልስ የሚፈለግለትን ጥያቄ ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄው «ይህ ቴምብር መቼ ወጣ?» የሚል ከሆነ አጠቃላይ የቴምብር ካታሎጎች በቂ ናቸው። ከእነዚህም መካከል የእንግሊዙ ስታንሊ ጊበንስ፣ የአሜሪካው ስኮት፣ የፈረንሳዩ ኢቬር ኤ ቴሊዬና የጀርመኑ ሚሼል በስፋት ይታወቃሉ። የአራቱ የቁጥር አሰጣጥ የተለያየ ነው። ለምሳሌ ስኮት የአየር ቴምብሮችን ከመደበኛዎቹ ለይቶ በላቲኑ «ሲ» ፊደል ሲመዘግባቸው፣ ስታንሊ ጊበንስና ሚሼል ግን ከሌሎቹ ጋር በወጡበት የጊዜ ቅደም ተከተል ያስቀምጧቸዋል። በመሆኑም የቴምብር ቁጥር ሲጠቀስ የካታሎጉን ስም አብሮ መግለጽ ያስፈልጋል። እነዚህ ካታሎጎች የሚሰጡት ዋጋ በአብዛኛው ለቴምብሩ እንጂ ለፖስታው አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ጥያቄው «ይህ ፖስታ በየትኛው በረራ ተጓዘ?» የሚል ሲሆን የአየር መልዕክት ካታሎጎችን መመልከት ግድ ይሆናል። ፍራንክ ሙለር በ1950 እ.ኤ.አ በፓሪስ ያሳተመው ካታሎግ የዓለም አገሮችን የመልዕክት በረራዎች በየቀናቸው የዘረዘረ ነው። በውስጡ የሰፈረው ዋጋ ዘመን ያለፈበት ቢሆንም የበረራዎቹ ዝርዝር ዛሬም ያገለግላል። በ1923 እ.ኤ.አ የተመሠረተው የአሜሪካ የአየር ፖስታ ማኅበርም የራሱን ካታሎግ በየጊዜው ሲያሳትም ቆይቷል። ዜፕሊን በተባሉት የጀርመን የአየር መርከቦች ለተጓዙ ደብዳቤዎች ደግሞ ዚገር የተሰኘው ካታሎግ ይጠቅማል።

ጥያቄው «የተከፈለው ሂሳብ ትክክል ነውን?» የሚል ከሆነ ግን መልሱ የሚገኘው ከካታሎግ ሳይሆን በዘመኑ ከነበሩ የፖስታ ቤት ታሪፎችና ከአየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ነው።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት የሚያስከትለው ስህተት

ካታሎጎቹ የሚጠቀሙት የአውሮፓን የዘመን አቆጣጠር በመሆኑ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዳይ ይፈጠራል። በፖስታው ጀርባ በእጅ ጽሑፍ «1938» የሚል ቢገኝና ጸሐፊው የተጠቀመው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ ዘመኑ ከ1945 እስከ 1946 እ.ኤ.አ ያለው፣ ይኸውም አየር መንገዱ የተቋቋመበት ወቅት ነው። ቁጥሩ በስህተት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተወሰደ ግን ፖስታው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን እንደተላከ ተደርጎ ይመዘገባል። ትክክለኛውን ዘመን ለመለየት የእጅ ጽሑፉን ከፖስታ ቤቱ ማህተምና ከቴምብሩ የህትመት ዓመት ጋር ማነጻጸር ይገባል።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ፣ በወረራው ዓመታት ከአዲስ አበባ የተላኩ ፖስታዎች የያዟቸው ቴምብሮች በካታሎግ ውስጥ በኢትዮጵያ ስም ብቻ ተፈልገው ላይገኙ ይችላሉ። ወራሪው መንግሥት ከ1938 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያወጣቸው ቴምብሮች «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል ርዕስ ተለይተው የተመዘገቡ ናቸውና።

ስለ ዋጋና ስለ ማጭበርበር

በካታሎግ የሰፈረ ዋጋ ማመላከቻ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። የፖስታው ንጽህና፣ የማህተሙ ግልጽነትና የቅጂው ብዛት ዋጋውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። ግንቦት 6 ቀን 1937 እ.ኤ.አ በአሜሪካ ሌክኸርስት የተቃጠለው ሂንደንበርግ የተሰኘ የአየር መርከብ ከ17 ሺህ በላይ መልዕክቶችን ጭኖ የነበረ ሲሆን፣ ከእሳቱ የተረፉት 360 ገደማ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያሉ ብርቅ ፖስታዎች ዋጋቸው ከፍተኛ በመሆኑ ተመሳስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ፖስታዎች ለገበያ የሚቀርቡበት አጋጣሚ አለ። ስለሆነም ከፍ ያለ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በባለሙያ ማስመርመር ይመከራል።

አያያዝና የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ፖስታዎችን ከፀሐይ ብርሃን፣ ከእርጥበትና ከነፍሳት መጠበቅ፣ ሙጫና ተለጣፊ ፕላስተር ከማስነካት መቆጠብ ይገባል። ማስታወሻ መጻፍ ሲያስፈልግ በተለየ ወረቀት ላይ እንጂ በፖስታው ላይ መሆን የለበትም። ደብዳቤው በውስጡ ካለም አብሮ እንዲቀመጥ ማድረግ የሰነዱን ሙሉነት ይጠብቃል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቆዩ ፋይሎች ውስጥ ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው ታስረው ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህ የመዝገቡ አካል እንደመሆናቸው የማንም የግል ስብስብ ማሟያ ሊሆኑ አይገባም። የመዛግብት ሠራተኞች ፋይል ሲያደራጁም ሆነ ለማስወገድ ሲያዘጋጁ ፖስታውን ከደብዳቤው ሳይለዩ፣ ቴምብሩንም ሳይቆርጡ ማቆየትና አወጋገዱ በሕግ የተደነገገውን ሥርዓት የተከተለ እንዲሆን ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ቀኑን፣ ማህተሙንና መንገዱን እንደያዘ የተቀመጠ ፖስታ ነገ በተገቢው ካታሎግ ተመሳክሮ ታሪኩ ሊነበብ ይችላል። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ፖስታ ግን ወደነበረበት አይመለስም።