ርኅራኄና ሥርዓት በመርዝ ፊት

በ1987 ዓ.ም. መጋቢት 11 ቀን፣ ሰኞ ጧት፣ የቶኪዮ ሕዝብ ወደየሥራው በሚጐርፍበት ሰዓት፣ ኦም ሺንሪክዮ የተባለው ማኅበር አባላት በአምስት የምድር ውስጥ ባቡሮች ተሳፍረው፣ በጋዜጣ የጠቀለሏቸውን ከረጢቶች በጃንጥላ ጫፍ በስተው ወረዱ። በከረጢቶቹ ውስጥ የነበረው ሳሪን፣ ሳይነድና ሳይጨስ እየተነነ ከአየር ጋር የሚዋሐድ፣ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ አዛብቶ የዓይንን ብሌን የሚያጠብብ፣ በመጨረሻም እስትንፋስን የሚያቋርጥ ፈሳሽ መርዝ ነው። የካሱሚጋሴኪ ጣቢያ ሠራተኞች ግን ይህን የሚነግራቸው ስላልነበረ፣ የፈሰሰውን እንደ ማናቸውም እድፍ ቈጥረው ጠርገው አነሡት፤ ከጣቢያው ሠራተኞችም ሁለቱ በዚሁ ምክንያት ሞቱ።

ለአደጋው ሥፍራ ቅርብ የነበረው የቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ቤት በዚያ ቀን 640 ሕሙማንን ተቀበለ። አለቃው ዶክተር ሺገአኪ ሂኖሃራ፣ በ1937 ዓ.ም. ቶኪዮ በእሳት ቦምብ ስትጋይ ቍስለኛው ማረፊያ ማጣቱን በዓይናቸው ያዩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሐኪም ቤቱ እንደገና ሲታነጽ በመተላለፊያዎቹና በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ሳይቀር የኦክሲጅን መስመር አስገብተው ነበርና፣ ለምስጋናና ለምልጃ የተለየው ቤት በዚያች ጧት ለሕሙማን ማደሪያ ሆነ። አርቆ አሳቢነታቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ሕሙማኑ ልብሳቸው ሳይወልቅና ገላቸው ሳይታጠብ ስለ ገቡ፣ ከልብሳቸው የሚተነው መርዝ በጸሎት ቤቱ ውስጥ በቂ መውጫ አጥቶ ተከማቸ፤ በዚያ ከሚያገለግሉትም ግማሽ ያህሉ ራሳቸው የመርዙ ምልክት ታየባቸው። በኋላ ከተጠየቁት 472 የሐኪም ቤቱ ሠራተኞች 110ሩ፣ ከ1,364 የአምቡላንስ ሠራተኞችም 135ቱ እንዲሁ ታመው ነበር።

መጀመሪያ የተሰማው ወሬ ፍንዳታ ደረሰ የሚል ነበረ። ፖሊስ የመርዙን ስም የገለጠው አምስት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሐኪሞቹም ይህን የሰሙት ከቴሌቪዥን ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት በማትሱሞቶ ከተማ በዚሁ መርዝ የተጠቁትን ያከመ ሐኪም ስልክ ደውሎ ምልክቱ አንድ መሆኑን መንገሩ ግን እጅግ ጠቀመ፤ ያየውን ለባልንጀራው ሳይዘገይ የሚያካፍል ሐኪም ታላቅ ምጽዋት ሰጥቷል እላለሁ።

የወደቀ ሰው ሲያዩ መሮጥ ፈጣሪ በሰው ልብ ያሳደረው ርኅራኄ ነው፤ ስለ አደገኛ ንጥረ ነገሮች የሚሰጠው ሥልጠና የሚያስተምረው ዋናው ነገር ይህን ሩጫ ለጥቂት ደቂቃ መግታት ነው። ሠልጣኙ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ከሩቅ ይቆማል፤ በጭነት መኪናው ላይ የተለጠፈውን ባለ አራት አኃዝ ቍጥር አንብቦ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ይለያል፤ መርዙ ያለበትን፣ ሰው የሚታጠብበትንና ንጹሑን ሥፍራ በሦስት ይከፍላል፤ የሚገባውን ጭምብልና ልብስ ሳይለብስም ወሰኑን አያልፍም። በአሜሪካ ሕግ በተበከለ ሥፍራ ጽዳት ላይ ዘወትር የሚሠራ ሰው ቢያንስ 40 ሰዓት መማርና ሦስት ቀን በዐዋቂ አለቃ ፊት መለማመድ አለበት። ይህ ለአንዳንዱ ቢበዛበትም፣ ለእኔ ግን ልምምዱ የሚያንስ ይመስለኛል፤ ጭምብል ማጥለቅና ማውለቅ በድንጋጤ ሰዓት የሚታወስ የሚሆነው እጅ ሲለምደው ብቻ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሐኪም ቤት ደጅ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ቅዱስ ሉቃስ ከደረሱት ሕሙማን በአምቡላንስ የመጡት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የሚበዙት በእግራቸው፣ በታክሲ ወይም በመንገደኛ መኪና ስለ መጡ፣ በአደጋው ሥፍራ የተዘጋጀ ማጠቢያ ቢኖር እንኳ ሳያገኛቸው ባለፉ ነበር። ከሠራተኞቹም በርከት ያለው ድርሻ የታመመው ከሐኪሞች ይልቅ ከረዳት ነርሶች ወገን ነው። ስለዚህ ለሥልጠና አስቀድመው ሊጠሩ የሚገባቸው የበሩ ዘበኛ፣ የካርድ ክፍል ጸሐፊና ወለል የምታጸዳው ሴት ናቸው፤ በሽተኛው ገና ከደጅ ሳለ ልብሱን የት እንደሚያወልቅ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የወለቀው ልብስ በምን ታስሮ እንደሚቀመጥ፣ ማንን ጠርተው እንደሚያስረክቡት ያለ መጽሐፍ ሊያውቁት ይገባል።