የሰንበቴ ተማሪዎችና የሐምሌ ችግኝ

የኢትዮጵያ ተማሪ ዶማና አካፋ ተሸክሞ ወደ ገጠር ከወጣ እነሆ ሁለት ትውልድ አልፏል። የእድገት በኅብረት ዘማቾች በ1967 ዓ.ም. ከየትምህርት ቤታቸው ከተነሡበት ጊዜ ጀምሮ፣ በምግብ ለሥራ የተሠራውን የወሎን እርከን፣ በየትምህርት ቤቱ የተቋቋመውን የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ፣ በመጨረሻም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የመጣውን የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ይዞ እስከ ዛሬ ድረስ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ ያልተለወጠ ሥራ ቢኖር ልጆችን ችግኝ ማስተከል ነው፤ ያልተለወጠ ጥያቄም ቢኖር፣ የተተከለው ሁሉ ከምን ደረሰ የሚለው ነው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ መዝገብ ሳይሆን የሻይ ቤት ጠረጴዛ ነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ከአጣዬ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሰንበቴ ከተማ፣ ገበያው በቆመበት በእሑድ ቀን ለጥቂት ጊዜ ማረፍ ነበረብኝ። ከቆላው ግመሉን እየነዳ የመጣው ዐፋር፣ ከአፋፉ እህሉን ጭኖ የወረደው ዐማራ፣ አርጎባውና የአገሩ ባለቤት የሆነው የጅሌ ኦሮሞ በአንድ ሜዳ ላይ ሲገበያዩ፣ እናቷን ሻይ በመቅዳት የምትረዳ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ደንበኛ ፋታ በሰጣት ቍጥር ወደ አንድ ትልቅ ወረቀት እየተመለሰች ሥሩና ቅርንጫፉ ተለይቶ የሚታይ ዛፍ ትሥል ነበር። ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት፣ «የሳይንስ ፕሮጀክት ነው፤ ከዐሥር ይያዛል» አለችኝ። ዛፉ የት እንዳለ ስጠይቃት ግን እርሳሷን አስቀምጣ፣ «ዛፉማ የለም ጋሼ፤ ያለው ሥዕሉ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ይህች ልጅ በትምህርት ቤት የምትማረው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ለእኔ በጠራ አማርኛ የነገረችኝን ያህል ስለዚህ ጉዳይ የነገረኝ ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቃሏን ደጋግሜ ብጠቅስ አንባቢ አይፍረድብኝ። «የምንተክለው ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው» አለች። «ስማችን ይጠራል፣ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ወደየቤታችን እንሄዳለን። መስከረም ስንመለስ ሣሩ ውጦት አይታይም። ኅዳር ላይ ሣሩ ሲደርቅ ፍየሉ ቀድሞን ያገኘዋል። በዓመቱ ሌላ ክፍል ይመጣና በዚያው ጕድጓድ ይተክላል።»

በዚህ ንግግር ውስጥ የነገሩ ፍሬ ሁሉ አለ። የትምህርት ዘመን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያልቃል፤ የቆላ ችግኝ ግን የሚተከለው ዋናው ዝናም በሚወርድባቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንግዲህ ተካዩ ከተክሉ የሚለየው በዚያው በተከለበት ሳምንት ነው ማለት ነው። ችግኙ ጠባቂ የሚሻው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ፀሓይ አፈሩን ስታነቃውና ከብት በቃርሚያው ላይ ሲለቀቅ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ተማሪው ምንም እንኳ ከትምህርት ገበታው ላይ ቢገኝ፣ የፕሮጀክቱ ማርክ ተሰጥቶ፣ ሪፖርቱ ተጽፎ፣ ነገሩ ተዘግቶ ይቆየዋል። የመጀመሪያውን በጋ ያለፈ ችግኝ ተስፋ አለው፤ ያን በጋ የሚያሳልፈው ሰው ግን በየትኛውም የምዘና ቅጽ ላይ ስሙ አልተጻፈም።

ይህ ነገር የልጆቹ ስንፍና ወይም የመምህራኑ ቸልታ አለመሆኑን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዛፍ መትከል ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። ከሰንበቴ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሸዋው ተረተር ላይ ያለው የወፍ ዋሻ ደን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር አስለቅመው በመናገሻ ተራራ እንዲተከል ያዘዙበት ምንጭ ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል፤ የመናገሻም ደን እስካሁን ቆሞ ይታያል። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትፈታ በተቃረበች ጊዜ በ1880ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፍን ከባሕር ማዶ አስመጡ፤ ዛፉም ባልታሰበ ፍጥነት ተስፋፋ። የዚህን ዛፍ መስፋፋት ብዙዎች በእድገቱ ፍጥነት ብቻ ይተረጕሙታል፤ ነገር ግን ሌላ ሁለት ምክንያት አለው፤ ይኸውም ቅጠሉን ከብት አይበላውም፣ ተካዩም ባለቤቱ ስለ ነበረ ቈርጦ ይሸጠዋል። የቤተ ክርስቲያን ዐጸድም ቢሆን፣ የአድባራቱን ጽድና ወይራ ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆየው የመትከል ዘመቻ ሳይሆን የመጠበቅ ሥርዓት ነው፤ በወሎ ምድር ደግሞ በመስጊዶችና በሼኾች መቃብር ዙሪያ ያለውን ጥላ ዛፍ ማንም በምሳር የማይነካው፣ ዛፍ መትከል እንደ ሰደቃ የሚቈጠርበት እምነት ስለሚጠብቀው ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ መስጊዱ ለክረምት ዕረፍት ተዘግቶ አያውቅም።

ከ1966 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ ግን ዛፍ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ መርሐ ግብር እየታገዘ በ1972 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውና በቍጥሩ ፕሮጀክት 2488 ተብሎ የሚታወቀው ሥራ በወሎ ተራሮች ላይ እርከን አሠርቶ፣ ገመገሙን ከልሎ፣ ሚሊዮኖችን ችግኝ አስተከለ፤ የሠራተኛው ደመወዝ ስንዴና ዘይት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ ሲደገም በዛሬው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኘው ባቲ የዓለም ዐይን ያረፈባት የመጠለያ ሰፈር ሆነች፤ የተራሮቹም መራቈት የረኀቡ ዋና ምክንያት ነው ተብሎ ስለ ተነገረ ተከላው በእጥፍ ቀጠለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ማግስት ገበሬው በብዙ ቦታ ምሳር ይዞ ወደ ተከለለው ደን ወጣ፤ በእጁ የተከለውን በእጁ ቈረጠው፤ የመንግሥት ነው እንጂ የእኔ ነው ብሎ አያውቅም ነበርና። በእኔ ግምት በዚህ መቶ ዓመት ስለ ዛፍ ከተማርነው ትምህርት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ነገር ግን በተማሪ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ አላገኘሁትም።

የትምህርት ቤቱ ክፍል የመጣው በሌላ በር ነው። በ1964 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ የተሰበሰበው የመንግሥታት ጉባኤ የተከፈተበት ቀን፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 28፣ የዓለም የአካባቢ ቀን ተብሎ እንዲከበር ተወሰነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1970 ዓ.ም.፣ ስለ አካባቢ ትምህርት ብቻ የመከረ ጉባኤ በትብሊሲ ተደረገ፤ ከዚያም የወጣው ምክር፣ ተማሪ ስለ ተፈጥሮ ከመማር አልፎ በሰፈሩ ያለውን ችግር እየመረመረ መፍትሔውን እንዲሞክር ያዝዛል። በአገራችንም የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን አሳብ ሲያሰራጭ ቈይቷል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ትምህርት ከኅብረተሰቡ ችግር ጋራ እንዲያያዝ ደንግጓል፤ የአካባቢ ሳይንስም የታናናሾቹ ልጆች የትምህርት ዐይነት ሆነ። አሳቡ እጅግ የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ በተከታታይ ምዘና ቅጽ ላይ ሲወርድ፣ መመርመርና መሞከር የነበረው ነገር በወረቀት የሚቀርብ ሥዕልና ገለጻ ሆኖ ቀረ። ግንቦት 28 ራሱ የሚውለው ምድር በደረቀችበት፣ ችግኙም ከሞተ በቈየበት፣ ፈተና በተቃረበበት ሳምንት ነው፤ ሰልፍ ይደረግበታል፣ ግጥም ይነበብበታል፤ የቆመውን ተክል ለመቍጠር ከዚህ የሚመች ቀን ባይኖርም፣ ሲቈጠር ያየሁበት ቦታ የለም።

ስለ ችግኝ ብቻ የተናገርሁ እንዳይመስል የሰንበቴዋን ተማሪ ሌላ ፕሮጀክት ልጥቀስ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ክፍሏ የመረጠው ስለ ቅንጨ አረም፣ ሊቃውንቱ ፓርቴኒየም ስለሚሉት ተክል ነበር። ይህ አረም የአሜሪካ ቆላ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ ከእርዳታ እህል ጋራ ነው ተብሎ ይታመናል፤ አንዱ ተክል እስከ 25 ሺህ የሚደርስ ዘር ያፈራል፣ አጠገቡ ያለውን ሣር ያከስማል፣ የበላችው ላም ወተት ይመራል። «መምህራችን አረሙን ነቅላችሁ ጻፉ አለን» ብላ አጫወተችኝ። «በባዶ እጃችን ነቀልነው፤ ሌሊቱን እጃችን ሲያሳክከን አደረ። ግን እኮ ትምህርት ሲከፈት አብቦ ነበር። ስንነቅለው ዘሩ እጃችን ላይ ይረግፍ ነበር፤ እኛው ዘራነው።» አረሙ ከበቀለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚያብብ ስለ ሆነ፣ ነቀላው የሚጠቅመው ከማበቡ በፊት፣ በሐምሌ ነው፤ ቈዳን የሚያሳክክና የሚያቈስል በመሆኑም ያለ ጓንት መነካት አይገባውም። ልጆቹ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጃቸው ነው። በሪፖርታቸው ላይ ግን፣ እንደ ነገረችኝ፣ የአረሙን ጕዳትና «የኅብረተሰቡን ግንዛቤ ማሳደግ» የሚለውን መፍትሔ ጻፉ እንጂ፣ ያን ግኝታቸውን አልጻፉም፤ «እሱ ማርክ የለውም» አለችኝ።

በዚህ ቃል ላይ ብዙ አሰብሁ። ተማሪዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት እውነተኛ ነገር መርምራ አግኝታለች፤ አንደኛው ችግኝ የሚሞትበትን ወር፣ ሁለተኛው አረም የሚነቀልበትን ወር። ሁለቱም የትምህርት ቤቱ ቀን መቍጠሪያ ከምድሪቱ ቀን መቍጠሪያ ጋራ አለመግጠሙን ያሳያሉ። የትብሊሲ ጉባኤተኞች ከተማሪ የሚሹት ይህን ነበር፤ እርሷ ግን ዋጋ ያገኘችው በሥዕሉ ነው።

ጉዳዩን ለማጣራት ወደ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ኀላፊውን አነጋገርሁ። በየትምህርት ቤቱ የተተከለውን ብዛት ከነአኀዙ አቀረቡልኝ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደ ጸደቀ ስጠይቅ፣ ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል መተላለፉን ነገሩኝ፤ በበላይ አካሉ ዘንድ ይገኝ እንደ ሆነ ስጠይቅ፣ ስብሰባ እንዳለባቸው አስታውሰው ተነሡ። አንድ መምህር በበኩላቸው፣ «ኮታው ከላይ ይመጣል፤ እኛን የሚጠይቁን ጕድጓዱንና ችግኙን ነው። ውኃ የሚያጠጣ ዘበኛ ብንጠይቅ በጀት የለም እንባላለን» አሉኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲታወጅ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ለተከላው ተዘግተው ነበር። ለተከላ ቀን መሥሪያ ቤት የሚዘጋ አገር፣ ለማጠጫ ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ሊነፍግ አይገባውም።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን እንቆቅልሽ እንዴት እንደ ፈቱት የምናየው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ዋንጋሪ ማታይ በ1969 ዓ.ም. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር፣ ለገጠር ሴቶች ጥቂት ሳንቲም የምትከፍለው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነበር፤ ስለዚህ ሴቶቹ ከተከሉ በኋላ ወደ ችግኙ ይመለሱ ነበር። ለተማሪ የሚከፈለው ሳንቲም ማርክ ነው።

ችግኙ ሳይጸድቅ፣ አረሙም በጊዜው ሳይነቀል የመቅረቱ መዘዝ ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ይደርሳል። ሰንበቴ ባለችበት በዚሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የቦርከና ወንዝ የሚያልፍበት የጨፋ ሸለቆ፣ በ1994 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ እንደ ገለጸው፣ በድርቅ ጊዜ ለ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና ለ200 ሺህ እንስሳት መጠጊያ የሆነ ግጦሽ ነው። የተራቈተው ገመገም አፈሩን፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ ቦርከና ይለቅቃሉ፤ ሣሩን አረም ከቀደመው፣ በበጋ የሚመጣው ዐፋርና ባለአገሩ ኦሮሞ በጠበበ ግጦሽ ላይ ይገናኛሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭትና ጦርነት ያለፈበት ይህ አገር ሌላ የጠብ ምክንያት ሊጨመርበት አይገባም።

የሰንበቴዋ ተማሪ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወስዳ ትምህርት ቤቷን ትለቃለች። ምን ቢደረግ እንደምትወድ ጠይቄያት ነበር፤ «የተከልነውን ለሰባተኛ ክፍሎች ቈጥረን እናስረክብ፤ እነሱም ግንቦት ላይ ቈጥረው ማርክ ያግኙበት» አለችኝ፤ ይህንንም ለመምህሯ ነግራቸው በአሳቡ ተስማምተዋል። የምዘናውን ቅጽ የመለወጥ ሥልጣን ግን ያለው በትምህርት ጽሕፈት ቤት እጅ ነው፤ የሚጨመረውም አንድ መስመር ነው፤ ግንቦት 28 ቀን በሕይወት የተገኘ ተክል ብዛት።