ሰባት እግር ያለው ነቀዝ

ነቀዝን የማያውቅ ቤት የለም። በሰፌድ ላይ እህል ሲለቀም በጣታችን አንስተን እንጥለዋለን እንጂ መልኩን ልብ ብለን አንመለከትም። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ ለዓይናችን ከጥቁር ነጥብ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ፍጥረት ከኩምቢው ጫፍ እስከ ክንፉ መጨረሻ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለተማሪዎቻችን ለማቅረብ ስንነሳ ሥራው የአንድ ምሽት መስሎን ነበር።

በአብነት በሚገኘው ቤታችን ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ተከልን፤ ከሰፈራችን እህል መደብር ከገዛነው በቆሎም አንድ ነቀዝ መርጠን አነሳነው። ኩምቢው ሲጠራ ጀርባው ጉም ለበሰ፤ ጀርባው ሲጠራ እግሮቹ ጠፉ።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ሌንስ በአንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህና ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን ጥሩ ነው ብሎ የሚቀበለውን ስስ ንጣፍ «የጥራት ጥልቀት» እንበለው። ነፍሳቱ በካሜራው የብርሃን መቀበያ ሰሌዳ ላይ በእጥፍ ጎልቶ ሲያርፍ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር 5.6 ቢሆንና 0.02 ሚሊሜትር የሚያህል ብዥታ ብንታገሥ፣ ጥልቀቱ 0.17 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። የእኛ ነቀዝ ግን ከእግሩ እስከ ጀርባው 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ይቆማል።

«ታዲያ ቀዳዳውን ማጥበብ ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቁጥሩን ወደ 22 ብናደርስ ጥልቀቱ 0.7 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሌላ ችግርም ይመጣል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤሪ በ1835 እ.ኤ.አ. በስሌት እንዳሳየው፣ በክብ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን የአንዲትን ነጥብ ምስል ወደ ትንሽ ክብ ይለውጣል፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። በእኛ ሁኔታ የክቡ ስፋት 0.09 ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህም ከታገሥነው ብዥታ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ጥልቀት ባገኘን መጠን ጥራት እናጣለን ማለት ነው።

መውጫው መንገድ ፎከስ ስታኪንግ ይባላል። ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደፊት እያስጠጉ ብዙ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ የጠራውን ክፍል ብቻ ወስዶ አንድ ምስል መሥራት ነው። ከምናለሽ ተራ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎንና ዳዶ ገዝተን ካሜራውን የሚገፋ ቀላል መሣሪያ አሠራን። የዚህ ቡሎን ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊሜትር ስለሚራመድ፣ የዙሩ አንድ አሥረኛ 0.1 ሚሊሜትር ይሰጠናል። በዚህ እርምጃ 16 ፎቶዎች ነቀዙን ከላይ እስከ ታች ይሸፍናሉ፤ ጎረቤት ፎቶዎችም ይደራረባሉ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ስለሚንቀጠቀጥ የምናነሳው ሌሊት ነበር። ሂዩጂንና ኤንፊዩዝ የተባሉት ነጻ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ፎቶዎቹን አስተካክለው ያነባብራሉ፤ ጥራትን የሚለዩትም በጎረቤት ነጥቦች መካከል ባለው የብርሃን ልዩነት ነው።

ምስሉ አማረ። በክፍል ውስጥ አሳየነው፤ ተማሪዎቹም አደነቁ። በማግስቱ በቆሎውን ለሸጡልን እናት አንድ ቅጂ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይሄኛውን እግር ከየት አመጣህለት?» አሉን።

ቆጠርን፤ ሰባት ነበር።

«ሞቶ ነበር እኮ፣ እማማ» ብንላቸው ሳቁ። «ነቀዝ ሲነኩት የሞተ ይመስላል። ትንሽ ስትተወው ተነስቶ ይሄዳል።»

እውነታቸውን ነበር። ነቀዝ ሲነካ እግሩን ሰብስቦ ሞት ያስመስላል። የእኛም ነቀዝ በፎቶዎቹ መካከል አንድ እግሩን አንቀሳቅሶ ኖሯል። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጥ ይጠራል?» ብሎ እንጂ «የትኛው እውነት ነው?» ብሎ አይደለምና፣ አንዱን እግር በሁለት ቦታ አስቀመጠው። ከፕሮግራሙ ይልቅ ያሳፈረን ግን እኛው ነን፤ በምስሉ ውበት ተማርከን እግር መቁጠር ረስተን ነበር።

ነገሩ ከእፍረት ያልፋል። የበቆሎ ነቀዝና የሩዝ ነቀዝ በውጭ መልካቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ሊቃውንት የሚለዩአቸው ረቂቅ የአካል ክፍሎቻቸውን መርምረው ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ አንድ የሐሰት ጭረት ሙሉ ድምዳሜን ሊያበላሽ ይችላል።

ሁለተኛውን ነቀዝ በማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል ለጥቂት ቀናት አቆይተን፣ ወዙ እስኪደርቅ ጠብቀን አነሳነው፤ እግሮቹም ስድስት ሆኑ። ተማሪዎቻችንን ይቅርታ ጠይቀን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አሳየናቸው። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ምስል ግርጌ ከስንት ፎቶዎች እንደተሠራ እንጽፋለን፤ ነጠላ ፎቶዎቹንም አንጥልም። ይህን ጥበብ ለመሞከር የሚነሳ አንባቢም ምስሉን ከማድነቁ በፊት እግሮቹን ይቁጠር።