የመጋዝ ማሽን ማብሪያ ለምን ይበላል? በምንስ ይተካል?

በለቡም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች በሚገኙ የእንጨት ሥራ ቤቶች ቶሎ ከሚደክሙት ዕቃዎች አንዱ የማሽኑ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። መጀመሪያ ይሞቃል፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ በመጨረሻም አልበራም ወይም፣ ከዚህ በከፋ ሁኔታ፣ አልጠፋም ይላል። ያን ጊዜ ከቅርብ ሱቅ የተገኘው ማብሪያ ይገጠማል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ይሁን እንጂ የማብሪያው ምርጫ የሠራተኛን ጣት የሚያተርፍ ወይም የሚያሳጣ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ከፊዚክስ አንጻር ለማስረዳት ይሞክራል።

ብልጭታው ከየት ይመጣል?

በሞተር ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ጅረት ሲያልፍበት መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በመስኩም ውስጥ ኢነርጂ ይከማቻል። ማብሪያው ሲላቀቅ ጅረቱ በቅጽበት መቆም ስለማይችል በሁለቱ የብረት ጫፎች መካከል ያለውን አየር ሰንጥቆ ያልፋል። አርክ የሚባለው ይህ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ፣ ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲነጠል የሚታየውን ጠንካራ ብልጭታ እ.ኤ.አ. በ1832 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጾታል። የኢንዳክታንስ መለኪያም በስሙ ይጠራል።

የአርኩ ሙቀት በሺህ በሚቆጠሩ ዲግሪዎች ስለሚለካ በእያንዳንዱ ማጥፋት ከጫፎቹ ጥቂት ብረት ይተናል። ጫፎቹ እየጎደጎዱና እየጠቆሩ ሲሄዱ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል። ጅረቱ 10 አምፔር፣ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ቢሆን፣ 10 × 10 × 0.1 = 10 ዋት ሙቀት በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይፈጠራል። ሙቀቱ ስፕሪንጉን ያላላል፤ የላላው ስፕሪንግም ሬዚስታንሱን ይበልጥ ያሳድገዋል።

በማብሪያው ላይ የተጻፈው አምፔር

1.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ባለ 220 ቮልት ሞተር እንውሰድ። ኢፊሸንሲው 0.75፣ ፓወር ፋክተሩ 0.85 ቢሆን፣ የሚስበው ጅረት 1500 ÷ (220 × 0.75 × 0.85) ሲሆን ወደ 11 አምፔር ይጠጋል። በሚነሣበት ቅጽበት ግን ከዚህ 6 እጥፍ ያህል፣ ማለትም ከ60 አምፔር በላይ፣ ሊስብ ይችላል።

ስለዚህ ለአምፖል ወይም ለምድጃ የሚበቃ ማብሪያ ለሞተር አይበቃም። ለዚህም ነው በአንድ ኮንታክተር ላይ ሁለት ቁጥሮች የሚጻፉት። ለምሳሌ ኤሲ-1 በሚባለው ምድብ፣ ማለትም ለማሞቂያና ለመሳሰሉት፣ 25 አምፔር የሚችል ኮንታክተር ኤሲ-3 በሚባለው የሞተር ምድብ 9 አምፔር ብቻ ሊሆን ይችላል። ገዢው ማንበብ ያለበት ሁለተኛውን ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ተራ ማብሪያ በበራበት ይቆያል። መብራት ሲሄድ መጋዙ ይቆማል፤ ሠራተኛው ማሽኑን ሳያጠፋ የተቀረቀረውን እንጨት ለማውጣት እጁን ይሰዳል፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ይመጣል። ቀሪውን አንባቢ ይገምታል።

መፍትሔው አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው መግነጢሳዊ ማብሪያ ነው። አረንጓዴውን ሲጫኑት በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሮማግኔት ሆኖ ኮንታክቶቹን አጣብቆ ይይዛል፤ ጅረት የሚያገኘውም እርሱ ራሱ በያዘው ኮንታክት በኩል ነው። መብራት ሲሄድ ማግኔቱ ይለቃል፤ ስፕሪንጉም ኮንታክቶቹን ያላቅቃል። መብራት ቢመለስም ሰው አረንጓዴውን ዳግመኛ ካልተጫነው ማሽኑ አይነሣም። ሆኖም ኮንታክተር መግጠም ብቻውን በቂ አይደለም። ጥቅሉ በርቶ በሚቀር ተራ ማብሪያ የሚታዘዝ ከሆነ፣ መብራት በመጣ ጊዜ ኮንታክተሩም አብሮ ይነሣል።

ሲቀየር

ቅያሪው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው ሶኬቱን ይነቅላል፤ ሶኬት ከሌለው ብሬከሩን አጥፍቶ ማንም እንዳያበራው ይቆልፈዋል፤ ሽቦው ጅረት እንደሌለውም በመለኪያ ያረጋግጣል። ካፓሲተር ያለው ሞተር ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል መዘንጋት የለበትም። የአዲሱ ማብሪያ ጥቅል ከመስመሩ ቮልቴጅ ጋር መስማማት አለበት።

ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተ መካከል ወላጁ ወይም ወንድሙ በሥራ ቤት የሚውል ብዙ ነው። አንድ ቀላል ሙከራ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አብራችሁ አድርጉ። እንጨት ሳይኖርበት፣ መከለያው እንደተገጠመ፣ ሰው ሁሉ ርቆ ማሽኑ ይነሣ። ከዚያ ብሬከሩ ይጥፋ፤ መጋዙ ፈጽሞ ሲቆም ተመልሶ ይብራ። ማሽኑ በራሱ ከተነሣ፣ ማብሪያው አዲስ ቢሆንም እንኳ መቀየር ያለበት ነው።