ነፋስ በከሰልና በድንጋይ መካከል እንዴት ያልፋል?

ወናፍ ሲነፋ ያላየ የመንዝ፣ የግሼ ወይም የመርሐቤቴ ልጅ ብዙ አይገኝም። ቀጥቃጩ የደነዘ ማረሻ ሊያበጅ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያደርገውን ግን ስንቶቻችን አስተውለናል? ከሰሉን በእጁ ይለያል፤ ድቃቂውንና አመዱን ጠርጎ ያወጣል፤ ተመጣጣኝ የሆኑትን ጉማጆች ብቻ በወናፉ አፍ ፊት ይከምራል። ይህ ልማድ ብቻ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ታላላቅ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች የሚመሩበት ሕግ እዚሁ ውስጥ አለ።

እስቲ በቀላል ሙከራ እንጀምር። ሁለት እኩል የሆኑ ወፍራም የሸምበቆ ቁራጮች ውሰዱ። አንዱን በባቄላ፣ ሌላውን በጤፍ ሙሉ፤ ጫፎቻቸውን በስስ ጨርቅ እሰሩና ንፉ። በባቄላው ውስጥ ትንፋሽ በቀላሉ ያልፋል፤ የጤፉ ግን ጉንጭ ይወጥራል። ምክንያቱ ባዶ ቦታ ስላነሰ ነው እንዳትሉ። እኩል የሆኑ ፍሬዎች ሲከመሩ ትልቅም ይሁኑ ትንሽ፣ ከ100 እጅ 40 ያህሉ ባዶ ነው። ልዩነቱ በጤፉ ውስጥ ባዶው ቦታ እጅግ በጠበቡ ብዙ መንገዶች መከፋፈሉ ነው። ነፋሱ በዝግታ ሲሄድ፣ የፍሬው ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ የሚያስፈልገው ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል። ባቄላና ጤፍ ቢደባለቁማ ጤፉ በባቄላው መካከል ስለሚገባ ባዶው ቦታ ራሱ ይቀንሳል። ይህንን ግንኙነት የቱርክ ተወላጅ የሆነው የኬሚካል መሐንዲስ ሳብሪ ኤርገን እ.ኤ.አ. በ1952 በአንድ ቀመር አጠቃሎታል።

አሁን ወደ ትልቁ ምድጃ እንሂድ። ከላይ ኮክ፣ ማለትም ከድንጋይ ከሰል የተዘጋጀ ጠንካራ ነዳጅ፣ እንዲሁም የብረት ማዕድንና የኖራ ድንጋይ ይጨመራሉ። ከታች እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ነፋስ ይገባል። ኮኩ ሲነድ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ላይ እየወጣ የማዕድኑን ኦክስጅን ይወስድና ብረቱን ያስቀራል። ጋዙ ምድጃውን የሚያቋርጠው በጥቂት ሴኮንዶች ነው፤ ድንጋዩ ግን ለመውረድ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ጋዙ እያንዳንዱን ድንጋይ መዳሰስ አለበት። ድቃቂ ከበዛ ነፋሱ እንደ ክረምት ጎርፍ የቀለለውን ቦይ መርጦ ይወጣል፤ የቀረው ማዕድን እንደ ነበረ ይወርዳል።

ታዲያ ዋናው ችግር ከዚህ በታች ነው። ማዕድኑ ሲግል እንደ ሊጥ ይለሰልስና መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ጋዙ የሚያልፈው በኮኩ ንብርብር በኩል ብቻ ይሆናል። ቀጥሎም ብረቱና አሩ ቀልጠው በኮኩ መካከል ይንጠባጠባሉ። ፈሳሹ ወደ ታች፣ ጋዙ ወደ ላይ፤ መንገዱ ግን አንድ ነው! ነፋሱ ከልክ በላይ ሲበረታ ፈሳሹን እንዳይወርድ ያግደዋል፤ ጀበና ሲገነፍል እንፋሎቱ ቡናውን ወደ አንገቱ እንደሚገፋው ማለት ነው። ስለዚህ ኮኩ በሸክም የማይደቅ መሆን አለበት፤ «ብዙ ነፋስ፣ ብዙ ብረት» ማለትም ስሕተት ነው።

የአገራችን የጥንት ብረት አቅላጮችም በከሰልና በወናፍ ይህንኑ ሥራ በትንሹ ይሠሩ ነበር። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ስለሆነ በእነርሱ ምድጃ ብረቱ አይቀልጥም፤ አሩ ግን ቀልጦ በከሰሉ መካከል ይወርዳል። የሚቀረው ቀዳዳ የበዛበት ብረት በመዶሻ ይቀጠቀጣል። ከውጭ የሚመጣ ብረት ሲበዛ ይህ ሙያ ተዳከመ፤ የዛሬው ቀጥቃጭ በአብዛኛው የሚሠራው በባሌስትራና በቁርጥራጭ ብረት ነው።

ይህን ርዕስ ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ክፍል አንድ የቀጥቃጭ ልጅ ብቻውን ይቀመጥ ነበር፤ ልጆቹ «ቡዳ» ይሉታል። ስለ ቃጠሎ ሳስተምር ድቃቂ ከሰል እሳትን ለምን እንደሚያፍን ጠየቅሁ። እጁን ያወጣው እሱ ብቻ ነበር። «ነፋሱ መሄጃ ያጣላ!» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አልነበረኝም።

የዘር ሐረጋቸው ከመንዝ የሚመዘዘው አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ስድቡ ዛሬም በክፍል ውስጥ ከተሰማ ጉድለቱ የአዋጅ አይደለም፤ የእኛ የመምህራን ነው። እንግዲህ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ስለ ጋዝና ስለ ፈሳሽ ስናስተምር፣ ላቦራቶሪ የለም ብለን ከማማረር በፊት ቀጥቃጩን ከነወናፉ ወደ ክፍላችን እንጋብዘው።